ካርታሄና ውስጥ የእግር መንገድ በዶላር አትግዙ

ካሜራ ይዛችሁ ወደ ኮሎምቢያዋ ካርታሄና ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። «ያለ አስጎብኚ የፎቶ ጉዞ» የሚል ጥቅል ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ካርታ ያለበት አፕ አለው፣ ፒዲኤፍ አለው፣ «ሰው የማያውቃቸው ቦታዎች» የሚል ዝርዝርም አለው። በዚያ ላይ «የፎቶ ፈቃድን ይጨምራል» ይላል። እኔና ጓደኛዬ 39 ዶላር ከፍለን ገዛነው፣ እዚያው ከተማው ውስጥ እየዞርንም ሞከርነው። የሻጩን ስም አልጠራም። ይህንኑ ነገር በሌላ ስም የሚቸበችብ ስለማይጠፋ፣ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ብታውቁ ይሻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ነጻውን ነገር ይሸጥላችኋል፣ የሚያስከፍለውን ግን አይሸፍንላችሁም።

ነጻ ከሆነው ልጀምር። በቅጥር የተከበበው የድሮ ከተማ ራሱ ነጻ ነው። በሩ ላይ ትኬት የሚጠይቅ የለም። ስፔኖች ካርታሄናን የቆረቆሯት በ1533 ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በ1586 ገብቶ ዘረፋት። ዛሬ የምናየውን የድንጋይ ቅጥር በቁም ነገር መገንባት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ ያለቀው ደግሞ በ1796። ቅጥሩ ላይ ወጥታችሁ፣ በአንድ በኩል ባሕሩን በሌላ በኩል ጣሪያዎቹን እያያችሁ ስትራመዱ አንድ ፔሶ የሚጠይቃችሁ የለም። የሰዓት ማማ ያለበት ዋናው በርም፣ አበባ የተንጠለጠለባቸው የእንጨት በረንዳዎችም እንደዚያው።

ጥቅሉ «ምስጢራዊ» ካላቸው ቦታዎች አንዱ ፕላሳ ሳንቶ ዶሚንጎ የሚባለው አደባባይ ነው፤ የኮሎምቢያዊው ቀራፂ ፈርናንዶ ቦቴሮ የነሐስ ሐውልት ያለበት። ምኑ ነው ምስጢሩ? ጋደም ያለች ግዙፍ እርቃን ሴት እኮ ናት! ቱሪስቱ ሁሉ ተራ ጠብቆ አብሯት ፎቶ ይነሳል።

ከዚህ የባሰው ያልጻፈው ነው። ከሰዓት ማማው በር እንደገባችሁ ፕላሳ ዴ ሎስ ኮቼስ የሚባል አደባባይ አለ። ፒዲኤፉ ስለሱ ያለው «ቢጫው ግድግዳ በፎቶ ያምራል» ብቻ ነው። እዚያ አደባባይ ላይ ከአፍሪካ ታፍነው የመጡ ሰዎች እንደ ዕቃ ይሸጡ ነበር። ትንሽ ራመድ ስትሉ የምታገኙት ቤተ ክርስቲያን በፔድሮ ክላቨር ስም የተሰየመ ነው። ክላቨር በ17ኛው ክፍለ ዘመን እነዚያን ሰዎች ወደብ ድረስ እየወረደ ይረዳ የነበረ ኢየሱሳዊ (ጀስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር) ካህን ሲሆን አፅሙም እዚያው ነው ያረፈው። ይህን የማያውቅ ሰው ከሁለቱም ቦታ የግድግዳ ቀለም ይዞ ይመለሳል። 39 ዶላር የሚቀበል አካል ሁለት መስመር መጻፍ አያቅተውም ነበር።

አሁን ወደ «ፈቃዱ» እንምጣ። ስማችሁ የታተመበት፣ ማህተም መሰል ነገር ያለበት አንድ ገጽ ይልኩላችኋል። ለራሱ ማስታወሻ መንገድ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ቱሪስት ካርታሄና ውስጥ ፈቃድ አያስፈልገውም። ለማስታወቂያ ወይም ለፊልም ቀረጻ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያንን የሚሰጠው ግን የከተማው አስተዳደር እንጂ ፒዲኤፍ ሻጭ አይደለም። ወረቀቱን ማንም አልጠየቀንም። ለማንም ብታሳዩትም ትርጉም የለውም።

የሚያስከፍሉትስ? የሳን ፌሊፔ ምሽግ መግቢያ ያስከፍላል። የኢንኩዊዚሽን ቤተ መንግሥት፣ ድሮ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ፍርድ ቤት የነበረው፣ አሁን ሙዚየም የሆነው፣ ያስከፍላል። የሳን ፔድሮ ክላቨር ገዳምና ሙዚየምም እንዲሁ። ጥቅሉ ሦስቱንም በመንገዱ ላይ አስገብቷቸዋል፣ አንዱንም ትኬት ግን አልያዘም። ማስታወቂያው «ምሽጉን ይጨምራል» ይላል። ይጨምራል ማለታቸው ካርታው ላይ ነጥብ አለው ለማለት ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን የፓሌንኬራዎቹ ነገር ነው። በቢጫ፣ በሰማያዊና በቀይ ደማቅ ቀሚስ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ፍራፍሬ የሞላ ሳህን ተሸክመው የምታዩአቸው ሴቶች ናቸው። መነሻቸው ሳን ባሲሊዮ ዴ ፓሌንኬ ነው። ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያን የመሠረቱት መንደር ነው፤ መሪያቸው ቤንኮስ ቢዮሆ በ1621 በስፔኖች ተሰቅሏል። የመንደሩን ባህል ዩኔስኮ በ2005 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ አውጆታል። እነዚህ ሴቶች ፎቶ መነሳት ሥራቸው ነው፣ ይከፈላቸዋልም። ጥቅሉ ግን «በተፈጥሯዊ ሁኔታ፣ ሳይታዩ ከሩቅ አንሷቸው» ብሎ ይመክራል። ይህን ምክር የተከተለ ሰው ጭቅጭቅ ውስጥ ይገባል፣ ጥፋተኛውም እሱ ነው። መክፈል ግዴታ የሆነበት ቦታ ካለ ይሄ ነው። ካሜራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ዋጋውን ቁርጥ አድርጉ፣ ስንት ፎቶ እንደሆነና ክፍያው ለአንዷ ይሁን ለሁሉም ተስማሙ፣ ዝርዝር ፔሶ ያዙ። ሳይስማሙ አንስቶ በኋላ መደራደር ውድ ነው።

ፎቶውን በተመለከተ ደግሞ ይህን መንገድ ያወጣው ሰው ከተማውን ረግጦ ማወቁን እጠራጠራለሁ። ጉዞው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። ካርታሄና ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፣ በመሃል ደግሞ አናት ላይ ትወጣለች። 3 ሰዓት ላይ ብርሃኑ ከብዷል። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ደግሞ ለግድግዳም ለፊትም አይሆንም። በረንዳዎቹ ከሥራቸው ጥቁር ጥላ ይጥላሉ፣ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። መርከብ ወደብ የገባ ቀን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ረፋዱ ላይ በጎብኚ ይጥለቀለቃል።

ምሽጉን ደግሞ ከሰዓት በኋላ አድርገውታል። ሳን ፌሊፔ ከቅጥሩ ውጭ፣ በስተምሥራቅ በኩል ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ከላይ ወደ ከተማው ስታዩ ፊታችሁ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሌንሳችሁ ውስጥ ትገባለች፣ ከተማው ጭጋግ መስሎ ይቀራል። ጠዋት ብትሄዱ ግን ብርሃኑ ከጀርባችሁ ይሆናል። ጥላም እንደልብ ስለሌለበት ያለ ውሃ አትሞክሩት።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ገና ሳይነጋ ተነስቼ መንገዶቹ ባዶ ሳሉ በሰዓት ማማው በር እገባለሁ፣ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሠርቼ ምሽጉ ገና ሳይግል እደርስበታለሁ። የቀኑን መሃል ሙዚየም ውስጥ አሳልፋለሁ። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጌትሴማኒ ሰፈር ገብቼ ግድግዳዎቹ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አነሳለሁ። ለፀሐይ መግቢያ ባሕሩ ፊት ለፊት ያለው የቅጥሩ ጎን፣ ሳንቶ ዶሚንጎ የሚባለው ማዕዘን ላይ እቆማለሁ። ይኸው፣ በነጻ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከተማዋ ወበቅ ናት። ካሜራችሁን ኤሲ ካለው ክፍል በቀጥታ ይዛችሁ ስትወጡ ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል። ቦርሳው ሳይከፈት ውጭ ሙቀቱን እስኪለምድ ጠብቁት እንጂ በሸሚዝ አትጥረጉት። «ለባለሙያ» የተባለው ፒዲኤፍ ስለዚህ ምንም አይልም።

አፑ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። በድሮው ከተማ ውስጥ የመንገድ ስም በየብሎኩ ይለዋወጣል፤ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ ሦስት አራት ስም ታልፋላችሁ። አፑ ደግሞ አንዱን ስም ብቻ ይዞ «ቀጥል» ይላል። ስለዚህ ስልካችሁን እጃችሁ ላይ ዘርግታችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ትሄዳላችሁ። ካሜራ አንገቱ ላይ፣ ስልክ እጁ ላይ የያዘ ቱሪስት ለሞተረኛ ሌባ ሠርግና ምላሽ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ካርታውን በነጻ አፕ ዳውንሎድ አድርጉና ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት። የጌትሴማኒ ሥዕሎችም እየተቀቡ ይለወጣሉ፤ ፒዲኤፉ ላይ ካሉት ውስጥ ቦታው ላይ ያጣናቸው ነበሩ።

«የድሮን ቦታዎች» የሚለውን ምዕራፍ ደግሞ ጭራሽ እርሱት። አውሮፕላን ማረፊያው ከቅጥሩ ብዙም አይርቅም። የኮሎምቢያን ሲቪል አቪዬሽን ደንብ ሳያጣሩ እዚያ ድሮን ማስነሳት ዕቃውን ለማስወረስ ነው።

ወደ ገንዘቡ። ኮሎምቢያ ውስጥ የፔሶ ምልክት ከዶላር ጋር አንድ ነው፣ ሺህንም የሚለዩት በነጥብ ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታዩ በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ። የእኛ ሻጭ ማስታወቂያው ላይ ምልክቱን ብቻ አስቀምጦ ነበር፣ ዶላር የሚለው ቃል የመጣው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። እዚያው ገጽ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል፣ ክፍያው በየወሩ እንደሚታደስ ተጽፏል። ገንዘባችንን መልሱ ስንል የመጣው መልስ «ፋይሉ ዳውንሎድ ስለተደረገ አይመለስም» የሚል ነበር።

ሻጩ ኮሎምቢያ ውስጥ የተመዘገበ ከሆነ የ2011ዱ የሸማቾች ሕግ፣ ቁጥር 1480፣ በኢንተርኔት የተገዛን ነገር በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለመተው መብት ይሰጣል። በገዢው ስምምነት የተጀመረ አገልግሎት ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ «ዳውንሎድ አድርጉ» እያሉ የሚያጣድፉትም ለዚህ ይመስለኛል። ቅሬታ የሚቀበለው የኢንዱስትሪና ንግድ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። በሕጋዊ መንገድ የቱሪዝም ሥራ የሚሠራ ድርጅት ደግሞ የብሔራዊ ቱሪዝም መዝገብ ቁጥር አለው። ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ጠይቁ። የእኛው ሻጭ ስንጠይቀው ዝም አለ።

የገዛችሁት ካላችሁ፣ አፑን ከስልክ ማጥፋት ወርኃዊ ክፍያውን አያቆመውም። አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ሰብስክሪፕሽኑን ሰርዙ፣ የሰረዛችሁበትን ገጽ ስክሪንሾት ያዙ፣ የካርዱን ቁጥርም ከአካውንቱ ላይ አጥፉ። ከዚያ በኋላም ከቆረጠባችሁ ስክሪንሾቱን ይዛችሁ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ዘንድ ክፍያውን ተከራከሩ።