ለብረቱ ይከፈል፣ ለሩጫው ሐይቁ አለ፦ የአንድ የሐዋሳ የሰፈር ጂም ግምገማ

ሐዋሳ ውስጥ ሰውነቱን ማጠንከር እየፈለገ ከወር ደመወዙ ለዚህ ጉዳይ ብዙ መመደብ የማይችል ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛው እንቅስቃሴ ገንዘብ እንደሚጠይቅና የትኛው እንደማይጠይቅ ቢለይ ከብዙ አላስፈላጊ ወጪ ይድናል። እዚህ የምገመግመው በአቶቴ አካባቢ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የሰፈር ጂም ነው። ስሙን የተውኩት በከተማው ውስጥ እርሱን የሚመስሉ ብዙ ቤቶች ስላሉና የምለው አብዛኛው ነገር ለእነርሱም ስለሚሠራ ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን እየሠራሁበት ነው፤ የደረስኩበት ፍርድም ለብረቱና ለአሠልጣኙ የሚከፈለው ገንዘብ ተገቢ ነው፣ ለመሮጫ ማሽኑ ሲባል ግን ማንም ሰው አንዲት ብር መጨመር የለበትም የሚል ነው።

ቤቱ ቀድሞ መጋዘን የነበረ፣ ግድግዳው ብሎኬት ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ ብረት የሚነሣበት ቦታ በአሮጌ የመኪና ጎማ ቁርጥራጭ ተነጥፏል። ተኝተው ብረት የሚገፉባቸው ሁለት ቤንቾች፣ አንድ የስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ የመነሣት) ማቆሚያ፣ ግድግዳ ላይ የተበየደ የፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ የመሳብ) ብረት፣ በገመድና በመዘውር የሚሠራ የጀርባ መሳቢያ፣ በርከት ያሉ ዳምቤሎች (በአንድ እጅ የሚነሡ ክብደቶች)፣ አንድ ትሬድሚል የሚባል የመሮጫ ማሽንና ሁለት የማይንቀሳቀሱ ብስክሌቶች አሉት። ከማሽኖቹ በስተቀር ሁሉም ማለት ይቻላል በከተማው ብየዳ ቤቶች የተሠሩ ናቸው። የወር ክፍያው 800 ብር ሲሆን፣ የሦስት ወሩን አስቀድሞ ለሚከፍል 2,100 ብር ይሆናል። አስቀድሞ መክፈሉ ርካሽ ቢመስልም ለጀማሪ አልመክረውም፤ አንድ ወር ሠርቶ ሰዓቱም ቤቱም እንደሚስማማው ካረጋገጠ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

ብየዳ ቤት የተሠራ ዕቃ ጠንካራነቱ አያጠራጥርም። የቤንቹ እግር በወፍራም ባለአራት ማዕዘን ብረት የተሠራ በመሆኑ ከባድ ሰው ከባድ ክብደት ይዞ ሲተኛበት አይነቃነቅም፤ ከውጭ ከሚመጡት ቀላል ቤንቾች በዚህ ይበልጣል። ችግሩ ያለው ክብደቱ ላይ ነው። በነጭ ቀለም «10» ተብሎ የተጻፈባቸውን ሁለት የብረት ክቦች ከአንድ የእህል ነጋዴ ጎረቤቴ በተዋስኩት ሚዛን ብመዝናቸው፣ አንደኛው 9 ኪሎ ከ600 ግራም፣ ሁለተኛው 10 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነው ተገኙ። አንድ ዳምቤል በአንድ እጅ ለሚያነሣ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ ያንኑ ዕቃ መጠቀምና ከሳምንት ሳምንት የሚታየውን ለውጥ መከታተል ነውና። በረጅሙ ብረት ላይ ግን ከአንድ ኪሎ የሚበልጥ ልዩነት በግራና በቀኝ ጫፍ ሲንጠለጠል ብረቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ የሚያነሣውም ሰው ሳያውቀው ወገቡን ያጣምማል። ውጤቱን ለአሠልጣኙ ሳሳየው በማግስቱ ክቦቹን ሁሉ መዝኖ እውነተኛውን ክብደት በላያቸው ላይ ጻፈ፤ ተቀራራቢ የሆኑትንም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ለያቸው። ሌላ ጂም የሚመዘገብ ሰውም ይህን እንዲያደርጉለት ቢጠይቅ ወጪው የአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ ነው።

ከብረት ክቦቹ ሌላ በጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ የተሠሩ ክብደቶችም አሉ። ለጀማሪ በቂ ናቸው፤ ይሁንና ገደባቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር የሚያህል ብረት ወደ 7.8 ኪሎ ሲመዝን፣ ያንኑ የሚያህል ኮንክሪት ግን 2.4 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እኩል ክብደት ያለው የሲሚንቶ ክብ ከብረቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ቦታ ይይዛል፣ የብረቱም ጫፍ ቶሎ ይሞላል። እግሩና ጀርባው እየጠነከረ የሄደ ሰው የሚጨምርበት ቦታ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ ከሁሉ በፊት ሊገዛ የሚገባው ሁለተኛ ትሬድሚል ሳይሆን ተጨማሪ የብረት ክብ ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

የዚህ ቤት ትልቁ ሀብት አሠልጣኙ ነው። በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚያንስ ወጣት ሲሆን፣ አዲስ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ክብደት አያስነሣም፤ ባዶውን ብረት አስይዞ አቀማመጥን፣ አተነፋፈስንና አቋቋምን ያስተምራል። ዴድሊፍት፣ ማለትም ብረቱን ከወለል የማንሣት ሥራ፣ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ «ጋሼ፣ ብረቱ ቅልጥምዎን እየነካ ይውጣ፤ ከእግርዎ ከራቀ ሸክሙ ወገብዎ ላይ ነው» ይለኛል። ንግግሩ ትክክል ነው፤ ብረቱ ከሰውነት በራቀ ቁጥር የታችኛው ጀርባ የሚሸከመው ጫና ይጨምራል፣ ሰው ወገቡን የሚጎዳውም ክብደቱ ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ስለራቀም ነው። የሚሰጠው ፕሮግራምም ቀላል ነው። ስኳት፣ ዴድሊፍት፣ ቤንች ፕሬስ (ተኝቶ ብረት መግፋት)፣ የጀርባ መሳብና ከትከሻ በላይ መግፋት እያንዳንዳቸው ሦስት ዙር ይሠራሉ፣ በእያንዳንዱ ዙር ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ። ሦስቱንም ዙር 12 ጊዜ በትክክለኛ አቋም መጨረስ የቻለ ሰው በሚቀጥለው ቀን ጥቂት ይጨምራል፤ ያልቻለ ባለበት ይቆያል። እያንዳንዱ ደንበኛ የሠራውን የሚጽፍበት ትንሽ ደብተር እንዲይዝ ያዛል፣ ደብተር ያልያዘውን ሰው በግልጽ ይቆጣል። ጡንቻ የሚያድገው ሸክሙ ቀስ በቀስ ሲጨምርለት ስለሆነ፣ ከማሽኖቹ ሁሉ ይልቅ ይህች ደብተር ትጠቅማለች። በከተማው ባሉ ውድ ቤቶች ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ትኩረት ሁልጊዜ አይገኝም።

ወደ ትሬድሚሉ ልመለስ። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መብራት ባለበት ሰዓት ደግሞ ወረፋ አለው። ከዚህም በላይ ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ጠዋቷ ቀዝቀዝ ያለ ከተማ ስለሆነች፣ በግድግዳ ፊት ቆሞ ለመሮጥ መክፈል ምክንያት የለውም። ከፍቅር ሐይቅ ተነሥቶ በሐይቁ ዳር ያለውን የእግረኛ መንገድ ይዞ በፍጥነት መራመድ ለልብና ለሳንባ የሚያስፈልገውን ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ከሥራ በፊት በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት በሐይቁ ዳር የሚራመድ ሰው የመመሪያውን የመጀመሪያ ክፍል ያለ ምንም ወጪ አሟላ ማለት ነው፤ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ክፍል ነው።

ለበረታ ሰው ታቦር ተራራ አለ። አቀበቱ አጭር ቢሆንም ቁና ቁና ያስተነፍሳል፣ ጭንንና ዳሌን በደንብ ያሠራል። ለጉልበት የሚከብደው ቁልቁለቱ ስለሆነ፣ ሲወርዱ በአጫጭር እርምጃ ጉልበትን ጎበጥ አድርጎ መውረድ ይሻላል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ተራራውን ትቶ ሐይቁን ቢመርጥ ደግ ነው። ለሁለቱም ቦታ ወጪ ሊደረግለት የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ጥሩ ጫማ ነው። ሶሉ ያላለቀ፣ ተረከዙን አጥብቆ የሚይዝ የልባሽ ጫማ፣ ታዋቂ ስም ተለጥፎበት በሁለት ወር ከሚላቀቅ አዲስ ጫማ ይበልጣል።

ስለ ምግብ ዝም ብል ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም ጂሙ መግቢያ ላይ ባለው መደርደሪያ የፕሮቲን ዱቄት ይሸጣል። ዱቄቱ ከትልቅ ዕቃ እየተቀነሰ በፌስታል የሚሰጥ ሲሆን፣ በፌስታሉ ላይ የተመረተበትም የሚያበቃበትም ቀን የለም። እንዲህ ያለውን ዱቄት ማንም እንዳይገዛ በግልጽ እመክራለሁ፤ ባለቤቱንም ይህን በፊቱ ነግሬዋለሁ። 65 ኪሎ የሚመዝንና ብረት የሚያነሣ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም፣ ማለትም ከ78 እስከ 104 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ በቂው ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር፣ ባቄላ ወይም ሽንብራ ከ20 እስከ 26 ግራም ገደማ፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ መቶ ግራም የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ሥጋ ደግሞ 20 ግራም ገደማ ይሰጣል። በአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት ገዝቶ ቤት የሚያበስል ሰው ከዱቄቱ በተሻለ ዋጋ የተሻለ ነገር ይበላል። በጾም ወራትም ሽሮ በእንጀራ ይበቃል፤ እህሉ የሚጎድለውን ጥራጥሬው ስለሚሞላ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ለሰውነት ይመቻሉ። በአንጻሩ ከእንሰት የሚሠሩት ቆጮና ቡርሳሜ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ እንሰቱ ራሱ ፕሮቲኑ በጣም አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ አይብ፣ ወተት ወይም ጥራጥሬ ከጎናቸው መኖር አለበት።

ቤቱ መስተካከል የሚገባቸው ጉድለቶች አሉት። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ መስኮቶቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ አየሩ ይታፈናል። ውኃ ብዙ ጊዜ ስለማይመጣ ሻወሩ እንደሌለ ቢቆጠር ይሻላል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሴቶች ጉዳይ ነው። የልብስ መቀየሪያው አንድ ብቻ ሲሆን ቁልፉም ተበላሽቷል፤ ለሴቶች ብቻ የተለየው ሰዓት ደግሞ የሥራ ሰዓት ላይ የዋለ በመሆኑ ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ልትጠቀምበት አትችልም። አብራኝ የምትሠራ ባልደረባዬ አንድ ወር ከፍላ ሁለተኛውን ያልቀጠለችው በዚህ ምክንያት ነው። ሴቶቹም እኩል እስከከፈሉ ድረስ ይህ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም፤ አንድ ቁልፍና ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ሰዓት ጊዜ ቢመደብላቸው ቤቱ ብዙ ደንበኛ ያገኛል።

800 ብሩም ለሚከብደው ሰው ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አይጠፋም። ሃያ ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ውኃ ሲሞላ፣ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ የራሱን የፕላስቲክ ክብደት ሳይጨምር በትክክል 20 ኪሎ ነው፤ ከጂሙ ክቦች በላይ የሚታመን ክብደት ማለት ነው። ውኃውን እየቀነሱና እየጨመሩ በአንድ ኪሎ ልዩነት ማሳደግ ይቻላል፣ ይህን የሚያህል ትንሽ ጭማሪ በብዙ ጂሞች አይገኝም። ጀሪካኑን በደረት አቅፎ ስኳት መሥራት፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብ፣ ሁለት ጀሪካን በሁለት እጅ ይዞ በግቢው ውስጥ መመላለስ፣ ከፑሻፕ ጋር ተደምሮ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። ጎማ ጠጋኞች የሚጥሉትን የብስክሌት የውስጥ ጎማ ምሰሶ ላይ አስሮ መሳብም ለጀርባና ለትከሻ ጥሩ ሥራ ነው። የሚጎድለው የአሠልጣኙ ዓይን ነው፤ ስለዚህ ከተቻለ አንድ ወር ብቻ ከፍሎ አቋሙን በሚገባ ተምሮ፣ ቀሪውን በቤት መቀጠል ገንዘብ ላጠረው ሰው የተሻለው መንገድ ይመስለኛል።

የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚይዘው ሰው ከመመዝገቡ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ፤ ጂሙ ይህን አይጠይቅም፣ መጠየቅ ግን ነበረበት። የግፊት ሕመምተኛ ብረት ሲያነሣ ትንፋሹን አምቆ መያዝ የለበትም፤ ሲገፋ ማስወጣት፣ ሲመልስ ማስገባት ነው።

ቤቱ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቤንችም ስኳት ማቆሚያም ስለሚያዝ አንዱን ዙር ለመሥራት ብዙ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ማለዳ የሚመጣ ሰው ግን ሥራውን በሃምሳ ደቂቃ ጨርሶ አሠልጣኙንም ለብቻው ያገኛል። ለመመዝገብ የሚጠየቀው መታወቂያና አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ደረሰኝ ግን ካልጠየቁ አይሰጥምና ይጠይቁ።