ለዲስሌክሲያ የሚሸጠው ፎንት ወይስ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው ኤሪያል?

ልጄ ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ ችግር) እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የትኛውን ፎንት (የኮምፒውተር ፊደል ቅርጽ) እንግዛ?» እኔ ገዝቼ ከስሬያለሁ። አንድ የኮምፒውተር ሱቅ «ልዩ የንባብ ፎንት፣ ለአማርኛም ይሆናል» ብሎ በ1,500 ብር የሸጠልኝ ፍላሽ ውስጥ ያገኘሁት ኦፕን ዲስሌክሲክ የተባለውን ፎንት ነው። ከ2011 ጀምሮ ማንም በነጻ የሚያወርደውን! ያውም ቅጂው ጎደሎ ነበር፤ ደማቁ ፊደል ስለሌለው ርዕስ ባደመቅሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ በራሱ እያወፈረ ያጨማልቀዋል።

ሌላው ለዲስሌክሲያ የተሠራ ፎንት «ዲስሌክሲ» ይባላል። ዲስሌክሲያ ያለበት የኔዘርላንዱ ክርስቲያን ቡር በ2008 የሠራው ሲሆን፣ ለድርጅት ፈቃዱ ይከፈልበታል። የሁለቱም ዘዴ አንድ ነው፦ የእንግሊዝኛዎቹ ቢ (b) እና ዲ (d) እንዳይገለባበጡ የፊደሉን ግርጌ ማክበድ። ሲያዩት ያሳምናል። የዲስሌክሲያ ችግር ግን በዋናነት ፊደልን ከድምፅ ማገናኘቱ ላይ እንጂ ዓይን ላይ አይደለም።

በ2016 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ዲስሌክሲ ንባብን ከኤሪያል በ7 በመቶ ያህል እንደሚያፈጥን አሳየ። በኤሪያል ፊደላትና ቃላት መካከል ያለው ክፍተት በዲስሌክሲ ልክ ሲሰፋ ግን ብልጫው ጠፋ። ገንዘብ የሚከፈለው ለባዶ ቦታ ነው ማለት ነው! ባዶ ቦታ ደግሞ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ በነጻ አለ፦ ኤሪያል በ14 መጠን፣ የፊደላቱን ክፍተት 2 ነጥብ (pt) አስፉ፣ የመስመሩን 1.5 አድርጉ።

ማሳተሚያውንም አስቡ። 40 ገጽ የነበረው የእንግሊዝኛ ማንበቢያ በኦፕን ዲስሌክሲክ 58 ገጽ ሆነብኝ፤ በገጽ 5 ብር ሒሳብ 90 ብር ጭማሪ። ኤሪያልም ሲሰፋ ገጽ ይበላል፣ አልዋሽም፤ የእኔው 52 ደርሷል። ፎቶ ኮፒ ሲሆን ግን ልዩነቱ ይብሳል፦ የኦፕን ዲስሌክሲክ ወፍራም ግርጌ ከኮፒ ኮፒ ሲነሣ ይደፈንና ልጁ የእንግሊዝኛውን «a» ከ«o» መለየት ያቅተዋል።

«ለአማርኛም ይሆናል» የተባለውስ? ሁለቱም ፎንቶች የግእዝ ፊደል የላቸውም። አማርኛ ጽሑፍ ላይ ብትመርጡት ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ኒያላን ወይም ሌላ ፎንት ይተካበታል፤ እኔም ለሳምንታት ኒያላን እያየሁ «ለውጥ አለው» ስል ነበር። አሁን ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነጻ አውርጄ፣ በ16 መጠን አራርቄ አትምለታለሁ። «ጸ» እና «ጰ» ሲምታቱበት ግን ፎንት መቀየሩን ትቼ ድምፃቸውን እያሰማሁ በጣቱ አሸዋ ላይ አስጽፈዋለሁ።