ከሩቅ የፀሐይ ጣቢያ መብራት መግዛት፦ በደቡብ አፍሪካ ለድርጅቶች የተከፈቱ ሦስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ጆሃንስበርግ ያለ ፋብሪካ ኖርዘርን ኬፕ ውስጥ ከተተከለ የፀሐይ ጣቢያ መብራት ሲገዛ የሚለወጠው ሽቦው ሳይሆን ሂሳቡ ነው። ጣቢያው ያመረተውን ወደ መንግሥታዊው የመብራት ኩባንያ ወደ ኤስኮም መስመር ያስገባል፤ ፋብሪካው እንደ ቀድሞው ከዚያው መስመር ይጠቀማል፤ በወሩ መጨረሻ ጣቢያው ያስገባው ኪሎዋት ሰዓት ከፋብሪካው ሂሳብ ላይ ይታሰብለታል። ዊሊንግ የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ ሎድ ሼዲንግ፣ ማለትም ኤስኮም በተራ የሚያጠፋው መብራት፣ ሲመጣ እናንተም ዘንድ ይጠፋል፤ ጄኔሬተራችሁን ለመሸጥ አትቸኩሉ።

በሩ የተከፈተው በቅርቡ ነው። ያለ ፈቃድ መትከል የሚቻለው መጠን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 100 ሜጋዋት ከፍ አለ፤ በጃንዋሪ 2023 ገደቡ ጨርሶ ተነሳ። አሁን አምራቹ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በኔርሳ መመዝገብ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ ሻጩ በዝቷል፣ የሚያቀርበው ውልም እንደዚያው። መንገዱ ሦስት ነው፦ በቀጥታ ከአንድ ጣቢያ ጋር መዋዋል፣ በነጋዴ በኩል መግዛት እና ቨርቹዋል ዊሊንግ።

ዋጋ ከማነጻጸራችሁ በፊት ግን ቆጣሪያችሁን እዩ። ሂሳቡን የሚልክላችሁ ኤስኮም ራሱ ከሆነና የምትቀበሉት ኃይል ከ1 ኪሎቮልት በላይ ከሆነ ሦስቱም መንገድ ክፍት ነው። ሂሳቡ ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ የጸደቀ የዊሊንግ ታሪፍ እንዳለውና ከኤስኮም ጋር እንደተዋዋለ በጽሑፍ ጠይቁ። ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2023 ጀምራለች፤ ብዙ ትንንሽ ከተሞች ግን ገና ናቸው። ቆጣሪያችሁ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ከሆነ ከአንድ ጣቢያ ጋር በቀጥታ መዋዋሉን እርሱት።

በቀጥታ ከአንድ ጣቢያ ጋር

የኪሎዋት ሰዓት ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ ዝቅተኛው ነው፤ ማሰሪያው ደግሞ ጥብቅ። ውሉ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይዘልቃል፤ ጣቢያውን በብድር የሚሠራው ባንክ የሚመለከተው የእናንተን አቅም ስለሆነ የእናት ኩባንያ ዋስትና ይጠይቃል። የተመረተውን ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም ትከፍላላችሁ። በሰባተኛው ዓመት አንድ የምርት መስመር ብትዘጉ ሂሳቡ አይዘጋም። በዚህ መንገድ የሄዱት እነማን እንደሆኑ ማየት ይበቃል፦ አማዞን ኖርዘርን ኬፕ ካለው የ10 ሜጋዋት ጣቢያ፣ ማዕድን አምራቹ ትሮኖክስ ደግሞ ከ200 ሜጋዋት ይገዛሉ። ለመካከለኛ ፋብሪካ ይህን መንገድ አንመክርም።

በነጋዴ በኩል

እንደ ፓወርኤክስ፣ ኢንፓወር፣ ኢታና እና ዲስከቨሪ ግሪን ያሉት ከብዙ አምራቾች ገዝተው ለብዙ ደንበኞች ይሸጣሉ። ነጋዴው ትርፉን ስለሚጨምር ዋጋው ከቀጥታው ከፍ ይላል። በምትኩ አጠር ያለ ውል፣ የፈለጋችሁትን ያህል ድርሻ፣ እንዲሁም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚያመርት የነፋስ ኃይል ልታገኙ ትችላላችሁ። ነጋዴው ቃል የገባውን ባያቀርብ የጎደለውን ከኤስኮም በመደበኛው ዋጋ ትገዛላችሁ፤ የምታጡት ቅናሹን ብቻ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የማሳወቂያ ጊዜው ነው፤ ከውሉ ለመውጣት ስንት ወር ቀድማችሁ ማሳወቅ እንዳለባችሁና ቅጣቱ እንዴት እንደሚሰላ ሳታዩ አትፈርሙ።

ቨርቹዋል ዊሊንግ

በየከተማው የተበተኑ ብዙ ትንንሽ ቆጣሪዎች ላሉት ድርጅት፣ ለሱቅ ሰንሰለት ወይም ለስልክ ማማዎች የተበጀ ነው፤ ኤስኮምና የስልክ ኩባንያው ቮዳኮም እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈራረሙት ለዚህ ነው። የማዘጋጃ ቤቱን ሂሳብ በሙሉ ትከፍላላችሁ፤ ተመላሹ በኋላ ከኤስኮም በኩል ይመጣል። ማዘጋጃ ቤቱን መለመን ቀረላችሁ ማለት ነው። ነገር ግን ተመላሹ እስኪደርስ ለፀሐዩም ለማዘጋጃ ቤቱም ከኪሳችሁ ስለምትከፍሉ ለዚያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ቆጣሪም በየግማሽ ሰዓቱ የሚመዘግብና በርቀት የሚነበብ መሆን አለበት።

ቅናሹ የሚጠፋበት ሰዓት

ሻጭ የሚያወራው ስለ አንድ ዋጋ ነው፤ ኤስኮም ግን የሚያስብላችሁ እንደየሰዓቱ ነው። ቅዳሜ ከእኩለ ቀን በኋላና እሁድ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ታሪፉ ዝቅተኛው ላይ ነው። ለስሌት ያህል ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የፀሐዩ ዋጋ 1.20 ራንድ፣ ከኤስኮም ሂሳባችሁ ላይ የሚቀነስላችሁ ደግሞ በአዘቦት ቀን 1.50፣ በዝቅተኛው ሰዓት 1.00 ራንድ ነው እንበል። አዘቦትና ቅዳሜ ጠዋት 30 ሳንቲም ታተርፋላችሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ 20 ሳንቲም ትከስራላችሁ። ሳምንቱ ሲደመር ትርፉ በአማካይ 19 ሳንቲም ገደማ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው 30 ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ኤስኮም ታሪፉን ቀየረ። ከፍተኛው ዋጋ የሚታሰብበት የጠዋት ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ርዝመት አጠረ፣ የማታው ወደ ሦስት ሰዓት ርዝመት ጨመረ። የማመንጫ አቅም ክፍያ የሚባልም ለብቻው ተለይቶ ወጣ፤ ይህን ክፍያ ዊሊንግ አይቀንሰውም፣ የኔትወርክ ክፍያውንም እንዲሁ። ሁለቱም ለውጦች የፀሐይን ጥቅም ሸረፉት። ከዚያ በፊት በነበረው ታሪፍ የተሠራ የትርፍ ሰንጠረዥ ካሳዩአችሁ መልሱላቸው።

ስንት ልግዛ ለሚለው፣ የአማዞኑ 10 ሜጋዋት ጣቢያ በዓመት እስከ 28,000 ሜጋዋት ሰዓት እንዲያመርት የታሰበ ነው፤ ለአንድ ሜጋዋት 2,800 መሆኑ ነው። ሌት ተቀን 700 ኪሎዋት የሚጠቀም ፋብሪካ በዓመት 6,132 ሜጋዋት ሰዓት ይፈጃል። የ0.7 ሜጋዋት ድርሻ ቢወስድ 1,960 ያገኛል፤ ይህም ከፍጆታው 32 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ ቢገዛ እኩለ ቀን ላይ ይተርፈዋል። ቅዳሜና እሁድ የሚዘጋ ከሆነ በዚሁ መጠን እንኳ ከምርቱ 29 በመቶ የሚሆነው የሚጠቀምበት አይኖርም። የ12 ወር የግማሽ ሰዓት ንባብ ሳይጠይቃችሁ መጠን የሚነግራችሁ ሻጭ እየገመተ ነው።

የዋጋ ጭማሪው አንቀጽም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከኑሮ ውድነት መለኪያው ጋር ይጨምራል፤ ሌላው ከኤስኮም ዋጋ ላይ ይህን ያህል በመቶ ቅናሽ ይላል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከኤስኮም በታች ያደርጋችኋል፤ ከጭማሪው ግን አያስጥላችሁም። በኤፕሪል 2025 ጭማሪው 12.74 በመቶ ነበር፤ ለቀጣዩ ዓመት 5.36 ተብሎ የጸደቀው የስሌት ስህተት ተገኝቶበት ወደ 8.76 ከፍ ብሏል። ለረጅም ውል እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ለአጭር ውል ሁለተኛው ይበቃል።

ጣቢያው ገና ያልተሠራ ከሆነ ከኤስኮም የተሰጠውን ደብዳቤ ጠይቁ። የወጪ ግምት ደብዳቤ መስመሩ ላይ ቦታ አያስይዝም፤ የምትፈልጉት የበጀት ኮቴሽን የሚባለውን ነው። ኖርዘርን ኬፕ ፀሐይዋ ብትበረታም መስመሩ ተጨናንቋል። ኪሎዋት ሰዓቱ የሚለካው በጣቢያው ቆጣሪ ነው ወይስ የመስመር ብክነት ከተቀነሰ በኋላ የሚለው በቁጥር ይጻፍ። ወደ አውሮፓ የምትልኩ ከሆነ የታዳሽ ኃይል ሰርተፊኬቱ የእናንተ መሆኑም ውሉ ላይ ይስፈር።

ጄፒ በሚባለው የጆሃንስበርግ የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ሰፈር፣ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ያላችሁ ከሦስቱ አንዱንም በራሳችሁ መፈረም አትችሉም፤ ቆጣሪው የአከራዩ ነውና። አከራዩ ከገዛ ግን በንዑስ ቆጣሪ የምትከፍሉት ሒሳብ ላይ ቅናሹ እንዴት እንደሚከፋፈል ኪራዩን ስታድሱ ጠይቁ፤ ካልተጻፈ እሱ ዘንድ ይቀራል።