38 ሺህ ብር ያስከፈለኝ የኡራል መብራት

በዚህ ጉዞዬ ደሴ ላይ የአጎቴን ኡራል፣ ያንን የሩሲያ የጭነት መኪና፣ መብራት እንዳሠራሁበት ጋራዥ ያንገበገበኝ ነገር የለም። ሰዉም ምግቡም እንደናፈቀኝ ነው የጠበቀኝ። ያረፍኩበት ሆቴል ደህና ነው፤ ውሃ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ያው የታወቀ ነው። የምጽፈው ስለ ጋራዡ ነው።

መኪናው 4320 የሚባለው ናፍጣ ኡራል ነው፤ ሩሲያ ውስጥ ሚያስ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተመረተው፣ ባለ 210 ፈረስ ጉልበት የካማዝ ሞተር ያለው። በደርግ ጊዜ ወታደር ሲያመላልስ ኖሮ አጎቴ በጨረታ ገዛው፤ አሁን ከሐይቅ ወደ ደሴ ድንጋይና አሸዋ ይጭንበታል። እኔ በምኖርበት ጀርመን የቀድሞው የምሥራቅ ጀርመን ጦር ይነዳቸው የነበሩትን 375 የሚባሉ ኡራሎች ሰዎች ቀለም ቀብተው ለሽርሽር ያወጧቸዋል። መኪናው 30 ዓመት ካለፈው የታሪክ ታርጋ ሊሰጠው ይችላል። የኛው ግን ቤተሰብ ያበላል።

ችግሩ ይሄ ነበር፦ የፊት መብራቱ ይፈዛል፣ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ የኋላው ፍሬቻ ደብዘዝ ብሎ አብሮ ይበራል። አጎቴ ይህንኑ በስልክ ሲነግረው ባለጋራዡ «ከ3 ሺህ ብር አይበልጥም፣ ያምጡት» አለ። መኪናውን ስናደርስ እኔም ከጋቢና ወረድኩ። ዋጋው እዚያች ላይ ተበላሸ። ሰውዬው ጫማዬን አየት አድርጎ «ከየት ነው የመጣሽው፣ የኔ እናት?» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለ 3 ሺህ ብር ትንፍሽ አላለም።

መጀመሪያ ሽቦው በሙሉ በስብሷል ተባለ። ቀጥሎ ባለ 24 ቮልት አምፖል ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም ተባለ። በደጁ የሚያልፈው ሲኖ ሁሉ 24 ቮልት ነው! ነገ ኑ፤ ስንሄድ መብራት ጠፍቷል። ከነገ ወዲያ ኑ፤ ስንሄድ ልጁ ለቅሶ ሄዷል። በዚህ መሀል የአጎቴ ደንበኛ አሸዋውን በሌላ መኪና አስጫነ፣ ጫኞቹም ሥራ ፈተው ተቀመጡ። ጀርመን መኪና ጋራዥ ሳስገባ ግምቱን በጽሑፍ እቀበላለሁ፣ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ይደወልልኛል። እዚህ ሒሳቡ የመጣልኝ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ነው፤ «ኤሌክትሪክ ሙሉ 38,000» ይላል። ምኑ ነው ሙሉ? አጎቴ ሊከራከር አፉን ሲከፍት «ጋሼ፣ እሷ እያለች ስለ ብር ያወራሉ?» አለው። አጎቴ አፈረ፣ እኔ ከፈልኩ።

የዚያኑ ማታ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ ጉም ያዘን። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ወዲያው ከዳሽቦርዱ ሥር ጭስ ወጣ፤ መብራቱ በሙሉ ድርግም አለ። ኡራል ባትሪውን ከሻንሲው የሚነጥል ማብሪያ ማጥፊያ አለው። አጎቴ እጁን ሰደደ፤ ማብሪያው የለም። ለካ ጋራዡ ትርፍ ነው ብሎ ነቅሎት በቀጥታ አገናኝቶታል። አጎቴ በጨለማ ወርዶ የባትሪውን ገመድ በመፍቻ እስኪፈታ ድረስ እኔ ከኋላ ለሚመጡት መኪኖች የስልኬን መብራት አውለበልብ ነበር። እግዜር ነው ያወጣን።

ተጎትተን ኮምቦልቻ ገባን። በማግስቱ አንድ ሸምገል ያሉ ኤሌክትሪሺያን አገኘን፤ ወጣት ሳሉ በጦሩ ውስጥ የኡራል መብራት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝና ኮፋኖውን ከፈቱ። ሽቦው ወደ ጋቢና የሚገባበት ቀዳዳ ጎማው ጠፍቶ ብረቱ ሽቦውን ልጦታል። ፊውዙ ወጥቶ በምትኩ የመዳብ ክር ተጠምዝዟል፤ ሽቦው ከሻንሲው ጋር ሲነካካ የሚቋረጥ ነገር ስላልነበረ ነው የነደደው። ከዚያ ሁለቱን ባትሪዎች በተስተር ለኩ፤ አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ ደክሟል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ነው 24 የሚሆኑት። ጋራዡ ማንም ሳይጠይቀው የሙዚቃ ቴፕ ገጥሞ 12 ቮልቱን ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ስቦለታል። እንዲህ ሲሆን ዲናሞው ለሁለቱም አንድ ላይ ስለሚሞላ፣ ያልደከመው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ይፈላል፣ የደከመው ሳይሞላ ይቀራል።

የመጀመሪያው ጥፋትስ? ከኋላ መብራት ወደ ሻንሲው የሚሄደው የነጌቲቭ ሽቦ የታሰረበት ብሎን ዝጎ ነበር። ፈቱት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ብረቱን አበሩት፣ ግራሶ ቀብተው አጠበቁት። አጎቴ ፍሬን ረገጠ፤ ስቶፑ ብቻ ቦግ አለ፣ ፍሬቻው አልነቃነቀም። «በስብሷል» የተባለው ሽቦ ደህና ነበር ማለት ነው። ባለ 24 ቮልት አምፖሉንም ልጅ ልከው ከመለዋወጫ ሱቅ አስመጡ፤ የቀረበልን ቡና ሳይቀዘቅዝ ደረሰ። አዲስ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ አምፖልና እጅ፣ ሁሉም በ4,500 ብር። ልጨምርልዎ ብላቸው ተቆጡኝ።

ከውጭ የምትመጡ፣ ዋጋውን አገር ቤት ያለው ሰው ጨርሶ ሲያበቃ ብቅ በሉ። የተነቀለውን ዕቃም በእጃችሁ ተቀበሉ። የኛ ማብሪያ ማጥፊያ ደሴ ቀርቷል፤ ስንደውል «ጠፍቷል» ይሉናል። ሽማግሌው ለጊዜው ሌላ ዓይነት ገጥመውልናል። ዋናውን ከተፈታ ኡራል ላይ ያወጣ ሰው የምታውቁ ከሆነ ጠቁሙን፣ አጎቴ ይገዛል።