የማርማላታ ጠርሙስ ወይስ የሜሰን ጠርሙስ?

በርበሬ፣ ሽሮና ንጥር ቅቤ ለማስቀመጥ ከሆነ የማርማላታው ጠርሙስ ይበቃል፤ ለዚህ ሜሰን (ምግብ በቤት ለማሸግ የተሠራ ጠርሙስ) መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። መስታወቱ ሽታ አይይዝም፣ ክዳኑ ግን ይይዛል፤ የሰናፍጭ ክዳን ለቅቤ አይሆንም። በርበሬ ከመጨመሩ በፊት ጠርሙሱ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ያሻግተዋል።

ቲማቲም አሽጎ ለወራት ማቆየት ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። የማርማላታው ክዳን ውስጥ ያለው ለስላሳ ቀለበት የተሠራው ለአንድ ጊዜ እሽግ ነው፤ የጠርሙሱ ከንፈር ስለታተመበት ዳግም በደንብ ላይገጥም ይችላል። መስታወቱም ብዙ ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ሲቀቀል ሊሰነጠቅ ይችላል። የሜሰን ክዳን ሁለት ቁራጭ ነው፦ ጠፍጣፋው በታሸገ ቁጥር በአዲስ ይቀየራል፣ የብረት ቀለበቱ ይደጋገማል። ከቀዘቀዘ በኋላ መሐሉ በጣት ሲጫን ቀጭ ካለ አልታሸገም፤ ማቀዝቀዣ ገብቶ ቶሎ ይበላ።

ተልጦ፣ ተጨፍልቆ ለፈላ ግማሽ ሊትር ቲማቲም 1 የሾርባ ማንኪያ የፋብሪካ የሎሚ ጭማቂ ይጨመራል (የቤቱ ሎሚ ኮምጣጣነቱ ይለያያል)፤ ከአፉ በታች 1.25 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዋል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ተከድኖ በፈላ ውሃ ውስጥ ሲቀቀል በባሕር ጠረፍ 35 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 50 ይፈልጋል። ሥጋና ባቄላ ግን በየትኛውም ጠርሙስ በፈላ ውሃ ብቻ አይታሸጉም፤ የቦቱሊዝም (ገዳይ የምግብ መመረዝ) ባክቴሪያ ዘር የሚሞተው በግፊት ማሸጊያ ድስት 116 ዲግሪ ላይ በቂ ጊዜ ሲቆይ ነው።