ብክነትን ከምንጩ ለሚያደርቁ ፎርማናችን ምስጋና

የቤታችን ግንባታ አለቀ፤ እኔም የግንባታውን ሠራተኞች የሚመሩትን ፎርማናችንን በአደባባይ ላመሰግናቸው ወደድኩ። የሥራቸውን ጥራት ቤቱን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ከግቢያችን ተጭኖ የወጣው ፍርስራሽ ማነሱ ነው። እኚህ ሰው ብክነትን የሚከላከሉት ዕቃው ሳይቆረጥና ሳይቦካ በፊት ነው።

ፌሮ (አርማታ ውስጥ የሚገባው ብረት) ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፌሮ በአብዛኛው የሚመጣው በ12 ሜትር ርዝመት ነው። ለቢሙ (ለአግዳሚው የአርማታ ተሸካሚ) ውፍረታቸው አንድ የሆኑ ባለ 7 እና ባለ 5 ሜትር ፌሮዎች ያስፈልጉ ነበር። ሠራተኞቹ ባለ 5 ሜትሩን ለብቻው ሊቆርጡ ተነሱ። እንዲያ ቢሆን ከእያንዳንዱ ፌሮ የ2 ሜትር ቁራጭ ይተርፍ ነበር። ፎርማናችን አስቆሟቸው። ጣውላ ላይ ልኩን ሁሉ በጠመኔ ጻፉና "7ቱንም 5ቱንም ከአንዱ ፌሮ አውጡ" አሏቸው። ምንም አልተረፈም! ከዚያ ወዲህ ጣውላው ላይ ልኩ ሳይጻፍ መቁረጫ የሚነካ የለም።

ብሎኬትም እንደዚሁ ነው። የመስኮቱና የበሩ ስፋት ከብሎኬቱ ልክ ጋር እንዲገጥም ገና በፕላን ደረጃ ከአርክቴክቷ ጋር ተነጋገሩ። ግንበኛው ብሎኬት የሚሰብርበት ምክንያት በጣም ቀነሰ። ከመኪና ሲወርድም በእጅ እንጂ አይገለበጥም።

ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደረደራል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ለዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ድርሻ ያለው ሲሚንቶ ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ከነዳጁ ሌላ ድንጋዩ ራሱ ጋዙን ይለቃል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የመጣ ሲሚንቶ እርጥበት ነክቶት ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ሲሆን ማየት ያናድዳል፤ ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ቆጣቢ ናቸው ስላችሁ ከልኩ ያጎድላሉ ማለቴ አይደለም። አንድ ቀን የተቦካ አርማታ ምሳ ሰዓት ደርሶበት መጠንከር ጀመረ። "ውሃ ጨምረን እናለስልሰው" የሚል ሐሳብ መጣ። እሳቸው በፍጹም አሉ። ውሃ ሲጨመርበት የአርማታው ጥንካሬ ይወርዳል፤ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ የሚያየው የለም። ያንን አርማታ ለብቻው አስደፉት፤ ሲደርቅ ተሰባብሮ ለግቢው ሙሌት ዋለ። ከዚያ በኋላ ከምሳ በፊት የሚቦካው ልክ እንዲቀንስ አደረጉ። እኔ ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን እወቁ። መጀመሪያ ላይ ቀስ ይላሉ። ሲለኩ፣ ሲጽፉ፣ መሐንዲሱን ሲጠይቁ ጊዜ ይሄዳል። ዛሬ ጀምሮ ነገ ጣሪያ ማየት ለሚፈልግ ሰው አይመቹም። ለእኔ ግን ያ ጊዜ በኋላ ተመልሷል፤ ቁርጥራጭ የሚለቅም፣ ፍርስራሽ የሚጭን ሰው ብዙም አላስፈለገንም።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ብቻ መሠረት ካስቆፈራችሁ በኋላ አትጥሯቸው። ፕላኑ ገና ሊስተካከል በሚችልበት ጊዜ ይዩላችሁ።