ለጥገና ተማሪ የመጀመሪያ ማይክሮሜትር፦ ሜካኒካሉ ወይስ ዲጂታሉ?

በኮሌጅ የልኬት መሣሪያዎች ጥገና የሚማር ሰው አንድ ማይክሮሜትር (ትንንሽ ውፍረትን በጥንቃቄ የሚለካ መሣሪያ) ብቻ የመግዛት አቅም ካለው ከ0 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚለካውን ሜካኒካል ይግዛ። ዲጂታሉ ለማንበብ ይቀላል፤ ብዙ ዕቃ በፍጥነት ለሚለካ ሰውም እሱ ይሻላል። ችግሩ ውስጡ አለመታየቱ ነው። ውኃና ዘይት እንዳይገባው የታሸገውን ደግሞ አንዴ ከከፈቱት እሽጉን እንደነበረ መመለስ ከባድ ነው። ሜካኒካሉ ግን ተፈትቶ ይገጠማል፤ ብልሽቱም ከየት እንደመጣ በእጅ ይዳሰሳል።

ስፒንድሉ፣ ማለትም ወደሚለካው ዕቃ የሚጠጋው ዘንግ፣ እንደ ብሎን ባለ ጥርስ ነው፤ በአንድ ዙር 0.5 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። በእጅ የሚዞረው ሲሊንደር፣ ቲምብሉ፣ ዙሪያውን 50 ቦታ ስለተከፈለ አንዷ መስመር 0.01 ሚሊ ሜትር ናት። ዋናው ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው፦ ስሊቩ (ሚሊ ሜትር የተሰመረበት የማይዞረው ቱቦ) ላይ ብቅ ያለችው የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር ካልታየች 7.82 የነበረው 7.32 ተብሎ ይመዘገባል። አስቀድሞ በካሊፐር ለክቶ ማመሳከር ይህን ስህተት ያስቀራል።

ዜሮ (ፊቶቹ ሲገጠሙ ዜሮ ማንበቡ) ከመፈተሹ በፊት ንጹሕ ወረቀት በሁለቱ መለኪያ ፊቶች መካከል ለስለስ አድርጎ ይዞ መሳብ ያስፈልጋል፤ ዜሮ ሳተ ከሚባለው ብዙው ቆሻሻ ነው። ልዩነቱ እስከ 0.01 ከሆነ አብራው በምትመጣው ባለ መንጠቆ ቁልፍ ስሊቩን ማዞር ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎች ራቼቱን (ጫፉ ላይ ያለውን፣ የመጥበቂያ ኃይልን የሚገድበውን መዞሪያ) አላልቶ ቲምብሉን ከስፒንድሉ ማላቀቅ፣ ዜሮ ላይ መልሶ ማሰር፣ የቀረችውን ጥቂት ልዩነት ደግሞ በስሊቩ ማረም ነው።

ዜሮው ተስተካክሎ መሐል ላይ የሚስት ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ፍተሻ 5.1፣ 7.7፣ 10.3፣ 12.9 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጌጅ ብሎኮች (ርዝመታቸው በትክክል የታወቀ የመፈተሻ ብሎኮች) የሚመረጡት በዘፈቀደ አይደለም። በ5፣ በ10፣ በ15 ብቻ ከተፈተሸ ቲምብሉ ሁልጊዜ ዜሮ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ በአንድ ዙር ውስጥ ያለ ስህተት ተደብቆ ይቀራል። እነዚያ ቁጥሮች ግን ቲምብሉን በየተለያየ ማዕዘን ያስቆሙታል። ስፒንድሉ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋ የሚወዛወዝ ከሆነ ከቲምብሉ ሥር ያለችውን ማስተካከያ ዳዶ በጥቂቱ ማጥበቅ ነው። ከመጠን በላይ ከጠበቀች ስፒንድሉ ይከብዳል፤ ጥርሱም ይበላል።

ሙቀትንም መናቅ አያዋጣም። ልኬት የሚመዘንበት የሙቀት መጠን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 3 ማይክሮን (0.003 ሚሊ ሜትር) ያህል ይረዝማል። ፍሬሙ (የማይክሮሜትሩ ቅስት አካል) ራሱ በመዳፍ ሙቀት ስለሚለወጥ የፕላስቲክ መያዣ የተለጠፈበትን መምረጥ፣ ረጅም ፍተሻ ሲሆን ደግሞ ማቆሚያ ላይ ማሰር ይገባል።

ሲገዛ መለኪያ ፊቱ ካርባይድ (ቶሎ የማይበላ ጠንካራ ቁስ) መሆኑን፣ ራቼቱ ሳይንገራገጭ እኩል መዞሩን፣ ቁልፏም በሣጥኑ ውስጥ መኖሯን ማየት ነው። ፍሬሙን ይዞ በማሽከርከር ስፒንድሉን መክፈትና መዝጋት የብዙ ተማሪ ልማድ ነው፤ ጥርሱን ያለጊዜው ይበላዋል። ሲቀመጥ በፊቶቹ መካከል ጥቂት ክፍተት ይተው፣ ሎኩም (ስፒንድሉን የሚቆልፈው) ይላላ፣ ስስ የዝገት መከላከያ ዘይትም ይቀባ።